የትሬሲ ቻፕማን የመጀመሪያ አልበም በዕድል ነው የተሸጠው?

ሚሚ ዘሣሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የትሬሲ ቻፕማንን ፋስት ካር የሚለውን ዘፈን ያወቅኩት በአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ በሉክ ኮምብስ ነው። አውቃለሁ፣ ሳቁ። 2023 ላይ ስልኬ ላይ ሲደጋገምብኝ የራሱ ዘፈን መስሎኝ ነበር። ከዚያ የ2024ቱን የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ሳይ ካሜራው መጀመሪያ ያሳየው ጊታር የሚመታ እጅ ነው፣ ቀጥሎ አንዲት ፀጉሯ ሸበት ያለ ሴት ፈገግ ብላ ታየች፣ ኮምብስ አጠገቧ ቆሞ ዓይኑን ከሷ ላይ አይነቅልም፣ እሷ ስትዘፍን እሱ በከንፈሩ አብሯት ይላል። ማናት ብዬ ፍለጋ ገባሁ።

ታላቅ ወንድሜን ስጠይቀው "እሷማ ዕድለኛ ናት" አለኝ። እንደሱ አባባል ዘፋኙ ስቲቪ ዎንደር የሙዚቃ ዕቃ ጠፍቶበት አልዘፍንም ሲል ባዶውን መድረክ የሚሞላ ሰው ተፈለገ፣ እሷን ገፍተው አስወጧት፣ በነጋታው ዓለም አወቃት። በቃ። ያ ባይሆን ማንም አይሰማትም ነበር ይላል።

እኔ ደግሞ ቅዳሜ ልብስ እያጠብኩ የመጀመሪያ አልበሟን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። 11 ዘፈን ነው፣ 36 ደቂቃ። ሳሙናው ውኃው ውስጥ ሟሙቶ አለቀ፣ እኔ ፈዝዤ ቀርቻለሁ። አንዱ ዘፈን ላይማ መሣሪያ የሚባል ነገር የለም፣ ድምፅ ብቻ። ይሄ በዕድል ይሸጣል? ደግሞ 1988 እኮ ነው፣ የዚያን ጊዜ ሙዚቃ ስሰማ ሁሉም ኪቦርድና የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ነው። ይቺ ልጅ ጊታር ብቻ ይዛ ስለ ድህነት ስትዘፍን ያን ሁሉ ሰው እንዴት አስገዛችው? የምታውቁ ንገሩኝ። ወንድሜን ዝም የማሰኝበት ነገር እፈልጋለሁ።

ካሴት አይጣልም

ሚሚ፣ ወንድምሽ የነገረሽ እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው።

ቀኑ ጁን 11፣ 1988 ነው፤ በኛ ሰኔ 4 ቀን 1980። ቦታው ለንደን፣ ዌምብሊ ስታዲየም። የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ልደት ነው የሚከበረው፣ ባለልደቱ ግን እስር ቤት ነው። (ማንዴላ በ1962 እዚህ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደ ሰው መሆኑን ወንድምሽን ጠይቂውና ያውቅ እንደሆን እዪ።) ስታዲየሙ ጢም ብሏል፣ በቴሌቪዥን ደግሞ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ይታያል።

ትሬሲ ቀደም ብላ ወጥታ የተመደበላትን ዘፍና ጨርሳለች። ይቺን ነጥብ ያዢያት። ተገፍታ የወጣች አይደለችም፣ ፕሮግራሙ ላይ ስሟ አለ። በኋላ የስቲቪ ዎንደር ተራ ደረሰ። ሊወጣ ሲል የሲንክላቪየሩ ሃርድ ዲስክ የለም፤ ሲንክላቪየር ማለት ያኔ ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣ የኮምፒውተር ኪቦርድ ነው፣ የሚዘፍንበት ሙዚቃ ደግሞ እዚያ ዲስክ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሰውየው እያለቀሰ ትቶ ሄደ። ኋላ ላይ ተመልሶ በሌሎች ዕቃ ዘፍኗል፣ ግን ለጊዜው መድረኩ ባዶ ነው፣ ካሜራው በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። አንድ ባንድ ዕቃውን አውጥቶ እስኪገጥም ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንዲት ጊታርና ማይክ ብቻ የሚበቃት ልጅ ግን አለች። ጥሯት ተባለ። ወጣች፣ ፋስት ካርን ዘፈነች።

ዕድል ነው? ነው። ግን ያን ሰዓት እሷ እንድትጠራ ያደረጋት ሙዚቃዋ ራሱ ነው። ኮምፒውተር የሚጠፋበት ዘፈን አልነበራትም።

አልበሙ የወጣው በዚያው ዓመት ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው፣ አፕሪል 5፣ ኤሌክትራ በሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ በኩል። ከዌምብሊ በኋላ በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፣ በነሐሴ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በአሜሪካ ብቻ ስድስት ጊዜ ፕላቲነም አግኝቷል፣ ይሄ ስድስት ሚሊዮን ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። ለግራሚ በስድስት ዘርፍ ታጭታ ሦስቱን ወሰደች።

አንድ የራሴን ልጨምር። እኔ ይሄን አልበም በካሴት ያገኘሁት ገና አደባባዩ መስቀል ሳይሆን አብዮት አደባባይ በሚባልበት ዘመን ነው። መጀመሪያ ላይ ቶኪን ባውት ኤ ሪቮሉሽን የሚለውን ሳይ አፍንጫዬን ነፋሁ። አብዮት የሚለው ቃል በሜጋፎን፣ በሰልፍ፣ በቀበሌ፣ በግድግዳ ጠግበነው ነበር፤ አሁን ደግሞ በዘፈን መጣብን አልኩ። ኋላ ግጥሙን ሳዳምጥ ይቺ ልጅ አብዮት ሹክሹክታ ይመስላል ነው የምትለው። ሥራ ፍለጋ ተሰልፈው ስለሚውሉ፣ ምጽዋት በር ላይ ስለሚቆሙ ሰዎች ነው የምትዘፍነው። እኛ የለመድነው የሚጮኸውን ነበር። ግጥሙን የጻፈችው ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ነው አሉ፣ በ16 ዓመቷ።

አያሳምነኝም

ጋሽ ካሴት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ታሪኩን ትንሽ አሳመሩት።

ጥሩ ስለሆነ ተሸጠ የሚባል ነገር አይገባኝም። ጥሩ ሆኖ ያልተሸጠ ስንት አልበም አለ? እዚሁ አገር ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣውን ብትቆጥሩት አያልቅም። ትሬሲ ከጀርባዋ ሰው ነበራት። ቦስተን አጠገብ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ስትማር አብሯት የሚማር ብራያን ኮፐልማን የሚባል ልጅ ሰማት፣ የዚህ ልጅ አባት ደግሞ ቻርልስ ኮፐልማን፣ በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ትልቅ ሰው ነው። እንዲህ ነው የኤሌክትራ በር የተከፈተላት። በዚያን ጊዜ በየጎዳናው ጊታር ስትመታ የነበረች ሌላዋ ልጅ አብሯት የሚማር የሀብታም ልጅ አልነበራትም።

ደግሞ መንገዱ ተጠርጎላት ነበር። ከሷ አንድ ዓመት ቀድሞ ሱዛን ቬጋ ሉካ በሚለው ዘፈን ስለሚደበደብ ልጅ ዘፍና አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደርሳለች። ስለዚህ ጊታርና ከባድ ወሬ እንደሚሸጥ ኩባንያዎቹ አይተዋል።

አልበሙን አልወደውም እያልኩ አይደለም፤ ፎር ዩ የሚለውን ዘፈን ማታ ማታ እሰማዋለሁ። ግን ሚሚ፣ ወንድምሽ ያን ያህል አልተሳሳተም።

ካፖ ሁለት

እኔ ጊታር አስተምራለሁ፣ በየወሩ አንድ ሰው ፋስት ካርን አስተምረኝ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ በዕድሉ ጉዳይ ተከራከሩ፣ እኔ ስለ ቅንብሩ ልናገር።

ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ፣ የጊታሩ አንገት ላይ ሁለተኛው ፍሬት (መስመር) ላይ ታደርጋላችሁ። ኮርዱ ሲ ሜጀር ሰቨን፣ ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ዲ ነው፣ አራት ብቻ። ግን እንደ ዘፈን ማጀቢያ ክሮቹን ባንዴ በስትራም የምትመቱት ከሆነ አይሆንም። በጣት እየተለቀመ አንዲት አጭር ዜማ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትዞራለች። ያቺ ዜማ የትም አትደርስም። ልጅቷ ከቤት ልውጣ፣ ከዚህ ከተማ ልሂድ እያለች ጊታሩ ግን እዚያው ቦታ ይሽከረከራል። ተማሪዎቼ ይሄን ስነግራቸው ያፈጣሉ።

ከዚያ አዝማቹ። ዘፈኑ አምስት ደቂቃ ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው፣ አዝማቹ እስኪመጣ ከደቂቃ በላይ ትጠብቃላችሁ። ዛሬ ይሄን ለአቀናባሪ ብትወስዱለት "አዝማቹን ወደፊት አምጣው፣ ሰው ይዘላል" ይላችኋል። ያ ሁሉ ከታገሣችሁ በኋላ ግን ድራሙ ይገባል፣ ድምፁ ይከፈታል፣ መኪናው መንዳት ይጀምራል። ፎክ ነው ወይስ ፎክ ሮክ የሚለው ክርክር ለኔ መልሱ እዚያች ቦታ ላይ ነው። ድራምና ቤዝ ባይኖር ፎክ ብቻ ይሆን ነበር፤ ግን ከበሮው የሚመጣው ሲፈለግ ብቻ ነው።

ይሄን ያደረገው ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ከርሸንባውም ነው። ቀደም ሲል ከፎክ ዘፋኟ ከጆአን ባዬዝ ጋር የሠራ ሰው ስለሆነ ድምፅና ጊታር እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል። ሆሊውድ ስቱዲዮው ውስጥ ቤዝ ላይ ላሪ ክላይንን፣ ድራም ላይ ዴኒ ፎንግሃይዘርን አምጥቶ ከልጅቷ ኋላ እንዲቆሙ አደረጋቸው። ጎበዝ ተጫዋች ዝቅ ብሎ እንዲጫወት ማድረግ ከባድ ነው፣ እኔ ባንድ ውስጥ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፣ አንዱ ቤዚስት በየመስመሩ መሃል ጣቱን ካላሯሯጠ ክፍያው የማይገባው ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ሚሚ፣ በዚያ የኪቦርድ ዘመን እንዴት ተሸጠ ላልሽው፣ ሬዲዮ ላይ በሁለት የሚጮኹ ዘፈኖች መሃል ይሄ ሲመጣ ሰው ምን ሆነ ብሎ ቀና ይላል። ጫጫታ መሃል ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው የሚሰማው።

እንጉርጉሮ

ባጭሩ የፈረንጅ ትዝታ ነው። ለዚህ ነው እኛ የምንወደው።

ካፖ ሁለት

እንጉርጉሮ፣ አንደኛ ፈረንጅ አይደለችም፣ ጥቁር አሜሪካዊ ናት፣ ክሊቭላንድ ኦሃዮ ተወልዳ ያደገች። ሁለተኛ ትዝታ ማለት ያዘነ ዘፈን ማለት አይደለም፣ የራሱ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው። የሚያሳዝነውን ሁሉ ትዝታ ካልን ለቅሶ ቤት ያለው ሁሉ ትዝታ ሊሆን ነው። አትቆጣኝ ወንድሜ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ያመኛል።

እንጉርጉሮ

እሺ መምህር። ስሜቱን ለማለት ነው።

ሌሊት ፈረቃ

እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ሁላችሁም ስለ መድረኩና ስለ ጊታሩ አወራችሁ። ልጅቷ ምን ሥራ እንደምትሠራ ያየ የለም እንዴ? ካሸር ናት። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስካን የምታደርግ ልጅ። አባቷ ጠጪ ነው፣ እናቷ ጥላው ሄዳለች፣ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ አባቷን ትጠብቃለች። ከዚያ መኪና ያለው ልጅ ትይዛለች፣ አብረው ከተማ ይሄዳሉ፣ እሱ ሥራ አያገኝም፣ መጠለያ ውስጥ ይኖራሉ፣ እሷ ካሸር ሆና ትሠራለች፣ ነገ ዕድገት አገኛለሁ፣ ትልቅ ቤት እንገዛለን ትላለች። መጨረሻ ላይ እሷ ሁሉንም ሂሳብ የሚከፍል ሥራ አላት፣ እሱ ደግሞ መጠጥ ቤት ያመሻል፣ ከልጆቹ ይልቅ ጓደኞቹን ያያል። አባቷን ሸሽታ አባቷን ነው ያገባችው። መኪናህን ይዘህ ሂድ ትለዋለች።

እኔ እዚህ እንደመጣሁ አራት ዓመት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሱቁን አልጠራውም። ማናጀሩ በየሦስት ወሩ "ቀጣዩ ሱፐርቫይዘር አንቺ ነሽ" ይለኝ ነበር፣ እኔም አገር ቤት ስደውል ሱፐርቫይዘር ልሆን ነው እላለሁ፣ እናቴ ለጎረቤት ትናገራለች። ሦስት ሰው አሠልጥኜ ሦስቱም ከኔ በላይ ሆኑ። አንድ ሌሊት ወለል እየተጠረገ ጣሪያው ላይ ያለው ስፒከር ፋስት ካርን አጫወተ። እስከዚያ ቀን ስለ መኪና የተዘፈነ ይመስለኝ ነበር፣ እንግሊዝኛዬ ገና ነበር፣ ያን ቀን ግን ካሸር የምትለዋን ቃል ሰማኋት። የራሴ ማዕረግ ነችና እንዴት አልሰማት።

ሉክ ኮምብስን ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን የምወድለት ነገር አለ። ወንድ ሆኖ ሳለ ያቺን የካሸር ልጅ የምትለዋን ቃል አልቀየራትም። እንዳለች ዘፈናት። እንግዲህ የሷ ታሪክ ነው፣ አልነካውም ያለ ይመስለኛል።

ሚሚ መሣሪያ የለውም ያልሽው ደግሞ ቢሃይንድ ዘ ዎል ነው። ሌሊት ከግድግዳው ወዲያ ሴት ስትጮህ ትሰማለች፣ እንቅልፍ የለም፣ ፖሊስ ቢጠራም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ቢመጣም በባልና ሚስት መሃል ምን እናድርግ ይላል። እኔ ያደግኩት አንድ ግቢ ስድስት ቤት ያለበት ነው፣ ግድግዳው ጭቃ፣ መሃሉ ደግሞ ኮምፔርሳቶ። ሁሉም ይሰማል። ጠዋት ቧንቧ ላይ ስንገናኝ ግን ሁሉም "እንዴት አደርሽ" ብቻ ነው። አንድም ቀን ማንም በዚያ ግድግዳ ወዲያ ስላለው አልተናገረም፣ እኔንም ጨምሮ። ለዚህ ዘፈን ምን መሣሪያ ይደረግለታል? ጊታር ቢገባበት ያባብለው ነበር።

አያሳምነኝም

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። በሽያጩ ነገር ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን ቢሃይንድ ዘ ዎልን ሁልጊዜ ነበር የምዘለው። ዛሬ አልዘለልኩም።

ሚሚ ዘሣሪስ

ውይ ሌሊት ፈረቃ፣ ሱፐርቫይዘር አደረጉሽ ወይስ አላደረጉሽም?

ጋሽ ካሴት፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜን ሁለት ነጥብ ለዜሮ መራሁት። ማንዴላ ኮልፌ መሠልጠኑን አላወቀም። እሱ አሁን ያመጣው ክርክር ደግሞ "አንድ ዘፈን ናት፣ ሌላ ምን አላት" የሚል ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ምን ሠራች? እርስዎ ካሴቱ አሁንም አለዎት?

ሌሊት ፈረቃ

ሚሚዬ፣ አላደረጉኝም። አሁን ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ስሜን ከነገርኩሽ ፈረቃው ገባሽ።

ካሴት አይጣልም

ሚሚ፣ አንቱ ስትዪኝ ፀጉሬ ይሸብታል፣ አንተ በይኝ።

አንድ ዘፈን ናት ካለ ጊቭ ሚ ዋን ሪዝንን አሰሚው። በ1995 ባወጣችው አልበም ላይ ያለ ብሉዝ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደርሷል፤ ፋስት ካር እንኳን በጊዜው ስድስተኛ ላይ ነው የቆመው። ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩን ደግሞ ቦይዞን የሚባሉት የአየርላንድ ልጆች በ1997 እንደገና ዘፍነውታል። እስከ 2008 ድረስ ስምንት አልበም ሠርታ ከዚያ አዲስ አልበም አላወጣችም። አልፎ አልፎ ካልሆነ አትታይም፣ ሰው ሞተች እንዴ እስኪል። ኮምብስ የዘፈነው የአገሪቱን ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሲደርስ ካንትሪ ሙዚቃ ማኅበሩ የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ሽልማት ለሷ ሰጣት፣ ያን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት፣ ልትቀበል እንኳን አልሄደችም። አልበሙ ላይ ያሉትን 11ዱንም ግጥምና ዜማ የሠራችው ብቻዋን ስለሆነ ደግሞ ማንም በዘፈነው ቁጥር የደራሲው ድርሻ ወደሷ ነው የሚሄደው። አያሳምነኝም ይሄን ዕድል ይለዋል እንግዲህ።

በ2025 አልበሙ በሸክላ ተመልሶ ወጥቷል፣ እሷ ራሷ ተቆጣጥራው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ ከሚመዘግባቸው ቅጂዎች ውስጥ አስገብቶታል።

ካሴቱ አለኝ። ግን አንዴ ቴፑ በልቶት በእስኮች ነው የቀጠልኩት። ካሴት ደግሞ ሲበጠስ በሁለቱም ገጽ ነው የሚጎዳው። የመጀመሪያው ገጽ ማለቂያ ላይ ስለሆነ ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ መሃሉ ላይ ትዘላለች፣ ሲገለበጥ ደግሞ ማውንቴንስ ኦ ቲንግስ መግቢያው የለም። ለዓመታት ያ ዘፈን ከመሃል የሚጀምር ነበር የሚመስለኝ።

ካፖ ሁለት

ጋሼ፣ በእስኮች ሳይሆን በጥፍር ቀለም ነው የሚቀጠለው።

ካሴት አይጣልም

አሁን ነው የምትነግረኝ?